የኢትዮጵያን ቀን የሚያሰላ የፓይተን ሞጁልን በኮም በኩል ለኤክሴል ማቅረብ

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ቫውቸሩም ደብዳቤውም የሚጻፈው በኢትዮጵያ ቀን ነው። ኤክሴል ደግሞ ቀን ብሎ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ብዙ ሰው ቀመሩን ሴል ላይ ጽፎ ይሞክረዋል፤ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ቀመሩ በአንድ ቀን ይዛነፍና ስህተቱ የሚታወቀው ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ነው። በፓይተን የተጻፈና በደንብ የተፈተነ ሞጁል ካለዎት ያንኑ ስሌት ኤክሴል ውስጥ ባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በቪቢኤ፣ ደግመው መጻፍ የለብዎትም። ሞጁሉን እንዳለ ትተው ኤክሴል የሚገባበት በር ብቻ ይሠሩለታል።

በሩ ኮም ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው የኮምፖነንት መገናኛ ሲሆን፣ በአንድ ቋንቋ የተጻፈ ዕቃ ሌላ ቋንቋ በስሙ ጠርቶ እንዲጠቀምበት ያደርጋል። ለፓይተን ይህን የሚያቀርበው ፓይዊን32 የሚባለው ጥቅል ነው። የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው፤ በማክ ወይም በብራውዘር የሚከፈት ኤክሴል ይህን በር አያየውም።

እዚህ የኮድ ስሞችን በአነባበባቸው ጽፈናቸዋል። ኮድ ላይ ሲያስገቡ በተለመደው የላቲን አጻጻፋቸው ያስገቡ።

ከመጀመርዎ በፊት

መጀመሪያ የቢት ጉዳይ ይታይ። ኤክሴል ውስጥ «ፋይል»፣ «አካውንት»፣ «አባውት ኤክሴል» ሲሉ ከላይ 32 ቢት ወይም 64 ቢት የሚል ይነበባል። ፓይተኑን ለማወቅ «ስትራክት» የሚለውን ሞጁል አስገብተው «ካልክሳይዝ»ን በትልቁ «ፒ» ይጥሩት፤ 8 ከመለሰ 64 ቢት ነው፣ 4 ከመለሰ 32። ሁለቱ ቢመሳሰሉ ጥሩ ነው። ባይመሳሰሉም መፍትሔ ስላለው ፓይተን ለማራገፍ አይቸኩሉ።

ፓይተኑን ከዋናው የፓይተን ድረ ገጽ ያውርዱና «ለሁሉም ተጠቃሚዎች» የሚለውን መርጠው ይጫኑ። ከማይክሮሶፍት ስቶር የሚወርደውን ፓይተን ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ። የስቶሩ ፓይተን ሬጂስትሪ (ዊንዶውስ የፕሮግራሞችን መረጃ የሚይዝበት መዝገብ) ላይ የሚጽፈው ለራሱ በተከለለ ቦታ ስለሆነ፣ ምዝገባው የተሳካ መስሎ ይታያል፤ ኤክሴል ግን አያገኘውም። ይህን ሳያውቁ ቀኑን ሙሉ ኮዱ ውስጥ ስህተት የሚፈልጉ ብዙ ናቸው።

ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንትም እዚህ ላይ ያስቸግራል። ኤክሴል የፓይተኑን ዲኤልኤል (ሌላ ፕሮግራም ጭኖ የሚጠቀምበት የኮድ ፋይል) በራሱ ሂደት ውስጥ ሲጭን የትኛውን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት እንዳነቁ አያውቅም፤ እዚያ ውስጥ የተጫነ ጥቅልም አይታየውም። ፓይዊን32ንም ሞጁልዎ የሚፈልጋቸውን ጥቅሎችም በዋናው ፓይተን ላይ ይጫኑ።

ትእዛዝ መስጫውን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ከፍተው ፓይዊን32ን በ«ፒፕ» ይጫኑ። ቀጥሎ በፓይተኑ «ስክሪፕትስ» አቃፊ ውስጥ ያለውን «ፓይዊን32 ፖስትኢንስቶል» በ«ኢንስቶል» ምርጫ ያሂዱት። ይህ እርምጃ ሁለት አስፈላጊ ዲኤልኤሎችን ወደ ዊንዶውስ ሲስተም አቃፊ ይቀዳል። ከዘለሉት ፓይተን ራሱ በደንብ እየሠራ ኤክሴል ብቻ ዕቃውን መፍጠር ሊያቅተው ይችላል።

ሞጁሉ ራሱ

ሞጁሉ ስለ ኤክሴል ምንም እንዳያውቅ ያድርጉ። ሁለት ፈንክሽን ይበቃዋል፤ አንዱ ከኢትዮጵያ ቀን ወደ ቀን ቁጥር፣ ሌላው በተቃራኒው። የቀን ቁጥር ስንል ፓይተን «ቱኦርዲናል» ሲባል የሚመልሰውን ማለታችን ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1ኛውን ዓመት ጃንዋሪ 1 ቀን 1 ብሎ የሚጀምረው።

ዓመቱን ዓ፣ ወሩን ወ፣ ቀኑን ቀ ካልን ስሌቱ ይህ ነው፦

የቀን ቁጥር = 2796 + 365 × (ዓ − 1) + (ዓ ÷ 4፣ ቀሪው ተጥሎ) + 30 × (ወ − 1) + ቀ − 1

ለመመለስ፦

ዓ = (4 × (የቀን ቁጥር − 2796) + 1463) ÷ 1461፣ ቀሪው ተጥሎ

ዓመቱ ከታወቀ የዚያን ዓመት መስከረም 1 የቀን ቁጥር ይቀንሱ። የቀረውን ለ30 ሲያካፍሉ ድርሻው ሲደመር 1 ወሩን፣ ቀሪው ሲደመር 1 ቀኑን ይሰጣል። ጳጉሜ 13ኛ ወር ሆና ራሷ ትወጣለች፤ የተለየ ሁኔታ መጻፍ አያስፈልግም። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲቀረው ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች፣ በሌላው 5።

በሩን ከመሥራትዎ በፊት በእነዚህ ይፈትኑት፦

– መስከረም 1 ቀን 2000 = የቀን ቁጥር 732931፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007
– ጳጉሜ 6 ቀን 1999 = 732930
– ሐምሌ 1 ቀን 2015 = 738709፣ ጁላይ 8 ቀን 2023
– የካቲት 23 ቀን 1888፣ የዐድዋ ድል ዕለት = 692195፣ ማርች 1 ቀን 1896

አንዱ እንኳ ካልገጠመ ወደ ኮም አይሂዱ። በሩ ከተሠራ በኋላ ስህተቱ ከሞጁሉ ይሁን ከበሩ መለየት ይከብዳል።

በሩን መሥራት

አዲስ ፋይል ይክፈቱ፤ ከሞጁሉ ፋይል ጋር አንድ አቃፊ ውስጥ ይሁን። በውስጡ አንድ ክላስ ይጻፉ። ፓይዊን32 ይህን ክላስ ኮምፖነንት ብሎ የሚያውቀው በአራት ባሕርያት ነው። የሁሉም ስም በአንደርስኮር ይጀምራል፣ በአንደርስኮር ይጨርሳል፣ በቃላቱ መካከልም አንደርስኮር አለው።

1. «ሬግ ፕሮግአይዲ»፦ ኤክሴል የሚጠራበት ስም። ለምሳሌ «ኢትዮ» ነጥብ «ካለንደር»። ከ39 ፊደል አይበልጥም፣ በቁጥር አይጀምርም፣ ከነጥብ ሌላ ምልክት አይገባበትም።

2. «ሬግ ሲኤልኤስአይዲ»፦ በዓለም ላይ የማይደገመው መለያ። «ፓይተንኮም» ውስጥ ያለውን «ክሪኤት ጉዊድ» አንድ ጊዜ ብቻ አስጠርተው የወጣውን ከነጥምዝ ቅንፉ ገልብጠው በጽሑፍ መልክ ያስቀምጡት። ክላሱ ውስጥ በቀጥታ እንዲጠራ ካደረጉ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር አዲስ መለያ ይፈጠራል፤ ሬጂስትሪ ውስጥ ያለው ከፋይሉ ጋር መቼም አይገጥምም። ከሌላ ምሳሌ ላይ መገልበጥም እንዲሁ አደጋ ነው፤ ሁለት ኮምፖነንት አንድ መለያ ከያዙ ኋላ የተመዘገበው የፊተኛውን ይውጠዋል።

3. «ፐብሊክ ሜተድስ»፦ ከውጭ እንዲጠሩ የሚፈቀድላቸው ፈንክሽኖች ስም ዝርዝር። እዚህ ያልተጻፈ ለኤክሴል የለም ማለት ነው። ይህን ጥበቃ በቸልታ አይለፉት፤ ነገ ሊቀይሩት የሚችሉትን የውስጥ ፈንክሽን ሁሉ ከከፈቱ ሰዎች ይገነቡበትና መቀየር ይከለከላሉ።

4. «ሬግ ዴስክ»፦ አጭር መግለጫ።

የፈንክሽኖቹ ስም ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የፈንክሽን ስም ይቀበላል፤ ሞጁልዎ ውስጥ «ወደ_ኢትዮጵያ» የሚል ፈንክሽን ቢኖር ፍጹም ትክክል ነው። የቪቢኤ ማረሚያ ግን ዩኒኮድ አይችልም፤ የግዕዝ ፊደል ሲለጠፍበት ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል። ስለዚህ በበሩ ላይ ያለው ስም በላቲን ፊደል፣ ውስጡ ያለው በፈለጉት ይሁን። ቪቢኤ ትልቅና ትንሽ ፊደልም አይለይም፤ በፊደል ቁመት ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች ይጋጫሉ።

ለበሩ ሦስት ፈንክሽን እንስጠው፦ «ቱኢትዮ» የኤክሴል የቀን ቁጥር ተቀብሎ «መስከረም 1 ቀን 2000» የሚል ጽሑፍ ይመልሳል፤ «ፍሮምኢትዮ» ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተቀብሎ የኤክሴል ቁጥር ይመልሳል፤ «በጀትይር» የበጀት ዓመቱን ይመልሳል። የመጨረሻው ቀላል ነው፤ ወሩ 11 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ዓመቱ ላይ 1 ይጨምራል። ሐምሌ 1 ቀን 2015 የ2016 በጀት ዓመት መጀመሪያ ነውና።

በበሩ የሚያልፈው ምንድን ነው

የዚህ ሥራ ክብደቱ እዚህ ነው። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ውጤቱ የሚበላሽ ከሆነ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ምክንያቱ ከኤክሴል የመጣው ዕቃ እርስዎ የጠበቁት አለመሆኑ ነው።

ቀንን እንደ ቀን አያሳልፉ። ኮም የራሱ የቀን ዓይነት አለው፤ ፓይዊን32 ወደ ፓይተን ሲያስገባው የዓለም ሰዓት ክልል ይለጥፍበታል፣ ሲመለስ ደግሞ የአካባቢ ሰዓት ይገባበታል። አዲስ አበባ ከዓለም ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ እኩለ ሌሊት ላይ ያለ ቀን 3 ሰዓት ወደ ኋላ ሲንሸራተት የትናንቱ ቀን ይሆናል። መፍትሔው ቁጥር ማሳለፍ ነው። ቪቢኤ ውስጥ የሴሉን «ቫልዩ» ሳይሆን «ቫልዩ2» ይውሰዱ፤ የሚመጣው ቁጥር ብቻ ነው። እሱ ላይ 693594 ሲጨምሩ የፓይተን የቀን ቁጥር ይሆናል። ለምሳሌ 39337 ሲደመር 693594 እኩል ይሆናል 732931፤ መስከረም 1 ቀን 2000። ሰዓት ያለበት ሴል ክፍልፋይ ይዞ ስለሚመጣ መጀመሪያ ወደ ታች ያጠጋጉት።

ከ61 በታች ያለን ቁጥር አይቀበሉ። ኤክሴል እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 የሚባል ያልነበረ ቀን 60 ብሎ ይቆጥራል፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ በአንድ ይዛነፋል። ከ1900 በፊት ያለውን ደግሞ ጭራሽ ቀን አይለውም። ስለዚህ የዐድዋን ዕለት በቁጥር ማስገባት አይቻልም፤ እንዲህ ያለ የታሪክ ቀን ያለው ሰው ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሦስት ሴል ይዞ፣ ውጤቱን በጽሑፍ የሚመልስ ሌላ ፈንክሽን ያዘጋጅ። በላይ በኩል ገደቡ 2958465 ነው። የሥራ ደብተሩ በ1904 የቀን ሥርዓት ከተሠራ ሁሉም ቁጥር በ1462 ያንሳል፤ አራት ዓመት ወደ ኋላ የሄደ ውጤት ካዩ «ኦፕሽንስ»፣ «አድቫንስድ» ውስጥ ያረጋግጡ።

ሙሉ ቁጥር ከሴል ሲመጣ ሁልጊዜ ነጥብ ያለው ነው። 2016 የተጻፈበት ሴል 2016.0 ሆኖ ይደርሳል፤ ፓይተን ይህን የዝርዝር ተራ ቁጥር አድርጎ አይቀበለውም፣ የወር ስም ሲፈልጉም ይወድቃል። በበሩ ላይ «ኢንት» ያድርጉት። ባዶ ሴል «ነን» ሆኖ ይመጣል፤ ለእሱ ባዶ ጽሑፍ ይመልሱ። የስህተት ምልክት ያለበት ሴል ደግሞ ትልቅ ኔጌቲቭ ቁጥር ሆኖ ይመጣል፤ ከ61 በታች ያለውን የሚከለክለው ፍተሻ እሱንም ይይዘዋል። ቀን መስሎ ጽሑፍ የሆነ ሴል ከመጣ ለመገመት አይሞክሩ። 05/06 ሜይ 6 ይሁን ጁን 5 ማንም አያውቅም፤ እምቢ ይበሉት።

ሴሉን ራሱን ያለ «ቫልዩ2» ካሳለፉ ፓይተን የሚደርሰው ቁጥር ሳይሆን የኤክሴል ዕቃ ነው። «ፓይአይዲስፓች» የሚል ነገር በስህተት መልእክት ውስጥ ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስህተት ሲኖር ተራውን የፓይተን ስህተት ወደ ውጭ አይልቀቁ። «ዊን32ኮም ሰርቨር ኤክሴፕሽን» ውስጥ ያለውን «ኮም ኤክሴፕሽን» ይጠቀሙ፤ መግለጫ እና «ኢ ኢንቫሊድ አርግ» የሚለውን ኮድ ይስጡት። ቪቢኤው −2147024809 የሚል ቁጥር ያያል፤ እሱን ይዞ ለተጠቃሚው ተገቢውን መልስ መስጠት ይችላል።

ምዝገባ

ከፋይሉ መጨረሻ፣ ፋይሉ በቀጥታ ሲሄድ ብቻ በሚሠራው ክፍል፣ «ዊን32ኮም ሰርቨር ሬጂስተር» ውስጥ ያለውን «ዩዝ ኮማንድ ላይን» ክላሱን ሰጥተው ይጥሩት። ከዚያ በአስተዳዳሪ ትእዛዝ መስጫ ፋይሉን በፓይተን ያሂዱ፣ ከኋላው ሁለት ሰረዝና «ሬጂስተር» ይጨምሩ።

ምዝገባው የአቃፊውን አድራሻ ሬጂስትሪ ውስጥ ይይዛል። ስለዚህ ከዴስክቶፕ ወይም ከ«ዳውንሎድስ» ላይ አይመዝግቡ፤ ቋሚ አቃፊ ይምረጡለት። አቃፊው መነሣት ካለበት በፊት በ«አንሬጂስተር» ያስወጡት፣ ያንሱት፣ እንደገና ይመዝግቡት።

ቢቱ ካልተመሳሰለ ወደዚህ ይመለሳሉ። «ሬግ ሲኤልኤስ ሲቲኤክስ» የሚል አምስተኛ ባሕርይ ጨምረው «ሎካል ሰርቨር» የሚለውን ብቻ ይስጡት። ያኔ ፓይተኑ ኤክሴል ውስጥ መግባቱ ቀርቶ ራሱን በቻለ ሂደት ይሠራል፤ 32 እና 64 ቢትም ይግባባሉ። እያንዳንዱ ጥሪ ከሂደት ወደ ሂደት ስለሚሻገር ይዘገያል። ቢሆንም ቢቱ የሚመሳሰል ሰው እንኳ ኮዱን እየቀየረ ባለበት ጊዜ ይህንኑ ቢጠቀም ይሻላል። ኤክሴል ውስጥ የገባ ፓይተን ኤክሴል እስኪዘጋ ድረስ አሮጌውን ኮድ ይዞ ይቆያል፤ በራሱ ሂደት የሚሠራውን ግን ከ«ታስክ ማናጀር» ላይ «ፓይተንደብልዩ»ን መግደል ይበቃል።

መፈተን

በቀጥታ ኤክሴል አይክፈቱ። ሌላ የፓይተን መስኮት ከፍተው «ዊን32ኮም ክላየንት» ውስጥ ባለው «ዲስፓች» ዕቃውን በስሙ ይጥሩት፣ 39337 ይስጡት። መስከረም 1 ቀን 2000 ካለ ምዝገባው ደህና ነው።

ቀጥሎ ኤክሴል ውስጥ «አልት» እና «ኤፍ11» ተጭነው የቪቢኤ ማረሚያውን ይክፈቱ፣ አዲስ ሞጁል ያስገቡ። አንድ ፈንክሽን ይጻፉ፤ በውስጡ በ«ስታቲክ» የታወጀ፣ ዓይነቱ «ኦብጀክት» የሆነ ተለዋዋጭ ይኑር። ባዶ ከሆነ ብቻ በ«ክሪኤት ኦብጀክት» ይሙሉት። «ስታቲክ» ካላሉት በእያንዳንዱ ሴል አዲስ ዕቃ ይፈጠራል፤ ሺህ መስመር ያለው ደብተር ይንቀራፈፋል።

«ኮንትሮል» እና «ጂ» ተጭነው በሚከፈተው «ኢሚዲየት» መስኮት ላይ መጀመሪያ ቁጥር የሚመልሰውን «በጀትይር» ይሞክሩ። «ቱኢትዮ»ን እዚያ ቢሞክሩ የሚያዩት የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው፤ የቪቢኤ መስኮትም «መሴጅ ቦክስ»ም የግዕዝ ፊደል አያሳዩም። አይደንግጡ፤ ጽሑፉ በኮም ውስጥ በዩኒኮድ ስለሚያልፍ ሴሉ ላይ በትክክል ይነበባል። በዚሁ ምክንያት የወራት ስሞች ሁልጊዜ በፓይተኑ ፋይል ውስጥ ይቀመጡ እንጂ ቪቢኤ ውስጥ አይጻፉ።

ረጅም ዓምድ ካለ ሴል በሴል አይጥሩ። የዓምዱን «ቫልዩ2» በአንድ ጊዜ ያሳልፉ፤ ፓይተን የሚደርሰው በውስጡ ረድፎች ያሉት ቱፕል ነው፣ እያንዳንዱ ረድፍም ራሱ ቱፕል ነው። በዚያው ቅርጽ የዝርዝሮች ዝርዝር ይመልሱ። የተመረጠው አንድ ሴል ብቻ ከሆነ ግን ቱፕል ሳይሆን ነጠላ ቁጥር ነው የሚመጣው፤ ይህን በበሩ ላይ ካልያዙት አንድ መስመር ብቻ ያለው ቀን ፕሮግራሙ ይወድቃል።

ሲበላሽ

ስህተት 429፣ ዕቃውን መፍጠር አልተቻለም የሚለው፦ ብዙ ጊዜ የቢት አለመመሳሰል ነው። «ፖስትኢንስቶል»ን መዝለልም፣ የተነሣ አቃፊም፣ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ውስጥ የቀረ ጥቅልም ተመሳሳይ መልእክት ያመጣሉ። በሩ የሚያስገባውን ሞጁል ፓይተን ካጣው ክላሱም አይነሣም።

−2147221005፦ ስሙ አልተመዘገበም። የፊደል ስህተት ነው፣ ወይም ምዝገባው ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ ተሞክሯል፣ ወይም ፓይተኑ የስቶሩ ነው።

ሴሉ ላይ «ቫልዩ» የሚል ስህተት ብቻ፦ ኤክሴል ከሴል የተጠራ ፈንክሽን ሲወድቅ ዝርዝሩን ይደብቃል። ያንኑ ጥሪ ከ«ኢሚዲየት» መስኮት ይድገሙት።

በኮም ውስጥ «ፕሪንት» የሚያሳየው መስኮት የለውም። የሚሆነውን ለማየት ፋይሉን በ«ሬጂስተር» እና በ«ዲበግ» አንድ ላይ እንደገና ይመዝግቡት፣ በሌላ መስኮት «ዊን32 ትሬስዩቲል»ን ያሂዱ። እያንዳንዱ ጥሪና ሙሉው የፓይተን ስህተት እዚያ ይወጣል። ሲጨርሱ ያለ «ዲበግ» ይመዝግቡት፤ ካልሆነ ጥሪው ሁሉ እየተጻፈ ያዘግማል።

ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲወስዱት ፓይተኑን፣ ፓይዊን32ን፣ ሁለቱን ፋይሎችና ምዝገባውን በዚሁ ቅደም ተከተል ይድገሙ። መለያውን አይቀይሩ። የሚቀየረው አንድ ፈንክሽን የሚቀበላቸው ነገሮች ብዛት ወይም ትርጉም ሲለወጥ ነው፤ ያኔ ለአዲሱ ክላስ አዲስ መለያና መጨረሻው ላይ ነጥብ 2 ያለበት ስም ይስጡት፣ አሮጌውንም አብሮ ተመዝግቦ እንዲቆይ ይተዉት፤ ባለፈው ዓመት የተሠሩት ደብተሮች የሚጠሩት እሱን ነው።